የፀጉር ያህል

ስድስት ዓመት ዕቁብ ጥዬ፣ በሰባተኛው ዕጣ ወጣ፤
ቀይ ሞተር ከኮምቦልቻ ገዝቼ፣ ሐረጎን ስወጣ
ጉም ነበረ። ማንም አላየኝ።
እንዲህ ያለ ቀን ነው ያገኘኝ።

በማግስቱ ጠራ። ፀሐይ የጦሳን ትከሻ ነክታ ወርዳ
ሮቢት እኛ ግቢ ገባች፣ ሳትጠራ እንደመጣች እንግዳ፤
ሰልባትዮው ላይ ተቀመጠች፣
ጣቷን ዘርግታ አሳየች፦
ከክዳኑ በስተግራ፣ ከጽሑፉ ዝቅ ብላ፣
አንዲት ጭረት፣ የፀጉር ያህል፣ ተኝታለች ተንጋልላ።

በምራቄ አበስኋት፤ አለች። በሸሚዜ ጫፍ፤ አለች።
በሎሚ፣ በልጄ ላጲስ፣ በጥርስ ሳሙና፤
ይባስ ብላ፣ እንደ ታጠበች ሙሽራ፣ አምሮባት ወጣች እንደገና።

አንዲት እንከን ያየ ዓይን ሥራ ፈትቶ መች ይቀመጣል?
ፓራፋንጎው ሥር ይወርዳል፣ በጉልበቱ ይንበረከካል፤
የጤፍ ፍሬ የማታህል
የቀለም እብጠት ያገኛል።
ጎኑ ላይ የተለጠፈው ክንፍ፣ የግራው ከቀኙ ዘንበል
ያለ መሰለኝ። በክር ለካሁ። በልጄ ማስመሪያ ለካሁ።
አንዲት ሚሊ።
ምሳ ሳልበላ ዋልሁ።

ሦስቴ ወረድሁ ኮምቦልቻ፣ ሻጩ ኑርዬ ዘንድ፤
መነጽሩን ጠርጎ አጠለቀ፤ ሠራተኞቹን ጠራ፤ አንድ ባንድ
ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱ «አለች» አለ፤ አንዱ «የታለች?»።
ኑርዬ ቀና ብሎ፣ ሳቅ እየታገለው፦
«ይችን ባየህበት ዓይንህ የረመዳንን ጨረቃ
ፈልገህ ብትነግረን ኖሮ፣ ባልተጨቃጨቅን በቃ!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።
ሐረጎን ስድስት ጊዜ አልፌ ገደሉን አንዴም አላየሁም፤
መንገድ ዳር ማን ቆሞ ምን እንደሚሸጥ አላውቅም፤
እጄ መሪው ላይ፣ ዓይኔ ጭረቷ ላይ ነበር፤
ነፍሴ ባለቤት አልነበራትም።

ደመና ካየሁ ሞተሬን ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ፤
እኔ በእግሬ፣ ጭቃ እያቦካሁ፣ ሰኞ ገበያ እወርዳለሁ።
የመቀመጫውን ላስቲክ ማን ደፍሮ ይላጥ?
ተንሸራትተን እንቀመጥ!

ማታ፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ የስልኬን ባትሪ አብርቼ
እወጣለሁ፤ እቀመጣለሁ ትንፋሼን ውጬ፣ አጎንብሼ።
አንድ ሌሊት ጦይባ ወጣች፣ ሻሿን በእጇ ይዛ።
«ምን ጠፋህ?» አለች። አሳየኋት።
ጭረቷን አላየችም። እኔን አየች።
«አሥራ አንድ ዓመት» አለችኝ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር፣
እኔን አንድ ቀን በባትሪ እንዲህ አይተኸኝ ነበር?»

ብርሃኑን ፊቷ ላይ አዞርሁ። ዓይኗን አልሰበረችም።
ከአገጯ ሥር አንዲት ጠባሳ፤ ከፀጉር አትወፍርም።
መቼ፣ የት፣ በምን፣ አላውቅም።
«ይችስ?» አልኋት።
«ድሮ ናት» ብላ ገባች።

በሳምንቱ፣ አራዳ፣ ሞተሬን ጥላ ሥር አቁሜ፣
ዳቦ ልገዛ ሁለት እርምጃ ተራምጄ፣
ቆርቆሮ በትከሻው ያዘለ ወዛደር በጎኑ ሲያልፍ፣
ከማዶ አንዱ «ሙሄ!» ብሎ ተጣራ።
ሙሄ ዞረ።
ቆርቆሮው ዞረ።

ከክዳኑ እስከ መቀመጫው፣ በማረሻ እንደተተለመ፣
ቀዩ ተገልጦ ነጭ ብረት ፀሐይ ላይ አገጠጠ።
ሰፈሩ ፀጥ አለ። ዳቦ ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጫነች።
ሙሄ ቆርቆሮውን ጥሎ «አፈር ልብላ!» አለ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ።
ሁሉም የኔን ጩኸት ጠበቀ።
እኔ ግን ጎንበስ ብዬ
ከክዳኑ በስተግራ፣ ከጽሑፉ ዝቅ ብዬ
ፈለግኋት። የለችም። ትልሙ ውጧታል።
«ስንት ልክፈልህ?» አለኝ።
«የትኛዋን?» አልሁት።

ዛሬም ሰፈሩ ሲተኛ እወጣለሁ፤ ባትሪ አላበራም።
ጣቴን በትልሙ ዳር ዳር እሰዳለሁ፤
እዚህ ላይ ነበረች እላለሁ፤ ወይስ እዚህ?
ጤዛው ጣቴን ያቀዘቅዘዋል።
ስመለስ ጦይባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።
«አገጭሽ ሥር ያለችው ግን...» እላታለሁ።
«ተኛ» ትለኛለች።